ከስድስት ኪሎ እስከ ቀበና ወፍ የምንቆጥር ሰዎች፦ ሁለት ዓመት ቆጥረን ምን አዳንን?

ጥያቄ፦ የቀበናዋ

ሰላም ለሁላችሁም። በየወሩ በሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በር ተነሥተን፣ በአራት ኪሎ በኩል እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ በእግራችን እየሄድን ወፍ የምንመለከትና የምንቆጥር 11 ሰዎች ነን። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ የሚኒባስ ሾፌርና አንዲት ነርስ ይገኛሉ። እኔ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ነኝ፤ ስለ ወፍም በትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር የለም። ለሁላችንም ያሉን ባይኖኩላሮች ሦስት ሲሆኑ፣ የአንደኛው የግራ መስተዋት የደበዘዘ ነው። ከጉዞ ስንመለስ የሰፈሩ ልጆች «ዛሬስ ወፍ አለ ወይስ ወፍ የለም?» እያሉ ይቀልዱብናል፤ እኛም ለምደነዋል።

ባለፈው ስብሰባችን (ስብሰባ የምለው ከጉዞው በኋላ ተቀምጠን ሻይ የምንጠጣበትን ሰዓት ነው) ከተማሪዎቹ አንዱ «ሁለት ዓመት ቆጠርን፤ ምን አዳንን?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ይበልጥ የከበደብን ባለፈው ክረምት በደረሰ አንድ ነገር ምክንያት ነው። በምንሄድበት መንገድ ላይ የነበሩ ሦስት ትልልቅ ዛፎች ለግንባታ ሲቆረጡ፣ በአንደኛው ላይ የነበረ የዋኖስ ጎጆ ከነእንቁላሉ ወደቀ። ዛፎቹን ወዳስቆረጠው መሥሪያ ቤት ሄደን ኃላፊውን ስናነጋግር በአክብሮት ተቀበለንና «በዛፎቹ ላይ ምን ምን ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችኋል?» አለን። ደብተራችንን ይዘን ነበር። ነገር ግን የዚያን ወር ገጽ ስንገልጠው ተጽፎ የተገኘው «ብዙ ርግብ፣ ጥቂት ቁራ፣ አንድ የማናውቀው ቢጫ ወፍ» የሚል ብቻ ስለነበር አፍረን ተመለስን።

እንግዲህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩን እጠይቃለሁ። የእኛ ዓይነት መዝገብ ለማንም የሚጠቅም ከሆነ እንዴት ተደርጎ ሊያዝ ይገባል? ከቡድኑ ግማሾቹ «በከተማ ውስጥ አሞራና ቁራ ከመቁጠር በየወሩ ወደ ገፈርሳ ወይም ወደ መናገሻ ብንወጣ ይሻላል» ይላሉ፤ የቀረነው ደግሞ መንገዳችንን መተው አልፈለግንም። ሕጋዊ ማኅበር ሆነን ብንመዘገብ ሰሚ እናገኛለን የሚሉም አሉ። በመጨረሻም አባላትን እንዴት እንደምናቆይ ግራ ገብቶናል። በመስከረም ፀሐይ ስትወጣ እስከ 25 ሰው ይመጣል፤ በየካቲት 5 ከተገኘ ተመስገን ነው። የመስቀል ወፍ ሆነውብናል።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

እኅቴ፣ የኃላፊው ጥያቄ ተገቢ ነበር ብዬ ብጀምር አይቀየሙኝ። ለብዙ ዓመታት በፈቃደኝነት በውኃ ወፎች ቆጠራ ላይ ስሳተፍ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ «ብዙ» የሚለው ቃል ቁጥር አለመሆኑን ነው። ለእርስዎ ብዙ የሆነው 20 ርግብ ለእኔ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደብተሩን የሚከፍት ሰው ደግሞ ሁለታችንንም ሊረዳን አይችልም። በሒሳብ ሥራ ላይ ስለሆኑ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ «ጥቂት ገቢ፣ ብዙ ወጪ» ተብሎ የተጻፈ የሒሳብ መዝገብ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

በየጉዞው ሊጻፍ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። ቀኑ፣ የተነሣችሁበትና የጨረሳችሁበት ሰዓት፣ የተጓዛችሁት ርቀት፣ ስንት ሰው ሆናችሁ እንደተመለከታችሁ፣ ዝናብ ወይም ጭጋግ እንደነበረ፣ ከዚያም ያያችኋቸው ዝርያዎች በሙሉ ከነቁጥራቸው ይጻፋሉ። መንጋ ከሆነ በአሥር በአሥር እየገመታችሁ ጻፉ፤ በጥንቃቄ የተገመተ ቁጥር «ብዙ» ከሚል ቃል እጅግ ይበልጣል። «በሙሉ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ነው የተጠቀምኩት። ደስ ያላችሁን ወፍ ብቻ መርጣችሁ ከጻፋችሁ፣ ያልተጻፈው ወፍ አልነበረም ወይስ አላስደሰታችሁም ብሎ ማወቅ አይቻልም። ሁሉን ከጻፋችሁ ግን ያልታየውም ነገር መረጃ ይሆናል።

ተማሪው ላነሣው ጥያቄ ከሕንድ አገር የተገኘ አንድ ታሪክ ልንገረው። ኬዎላዴዎ በሚባል ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቪቡ ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጥንብ አንሳ ጎጆዎችን ቆጥረው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚያው ቦታ ተመልሰው ሲቆጥሩ አብዛኞቹ አልነበሩም። ጥንብ አንሳ በዚያን ጊዜ በሕንድ ሰማይ ላይ እንደ ደመና የሚታይ ነገር ስለነበር፣ ቀደም ሲል የተጻፈ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ሰው ሁሉ «ቀንሰው ይሆን?» እያለ ብቻ ይቀር ነበር። ቁጥሩ በእጅ ስለነበረ ግን ፍለጋው ተጀመረ፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ምክንያቱ ታወቀ፤ ለታመሙ ከብቶች የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት፣ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ሕንድ መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይሰጥ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ከለከለች። ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከመቶ ከዘጠና በላይ ካለቁ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል፤ ቆጣሪ ባይኖር ግን ይህም አይሆንም ነበር።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ቄራ አካባቢ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው፣ ማንም ልብ የማይለውን ቆብ የደፋ የሚመስለውን ትንሹን ጥንብ አንሳ ከአባ ኮዳ ጋር ያየዋል። ይህ አሞራ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ላይ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል የተመደበ ነው። በዓመት የሚጥለው እንቁላል አንድ ብቻ በመሆኑ ከሞተ በቶሎ አይተካም። በእናንተ መንገድ ላይ አንድም ሆነ ዐሥር ቢያልፍ ተጽፎ ይቀመጥ።

መረጃው የት ይሂድ ላሉት፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል በ2002 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ኢበርድ የተባለ ነጻ መዝገብ አለ። በስልክ ላይ ይጫናል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይጽፋል፤ የተጓዛችሁትን ርቀት ራሱ ይለካል። ያም ሆኖ ደብተሩን አትተዉት፤ ስልክ ይሰረቃል። በአገር ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ። በርድላይፍ ኢንተርናሽናል የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት የኢትዮጵያ ተወካይ እርሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ወሳኝ የሆኑ 69 የአገራችንን ቦታዎች ለይቶ ያሳተመውም እርሱ ነው። ስለዚህ ገና ለገና ሰሚ ይገኛል ብላችሁ አዲስ ማኅበር ለማቋቋም ከምትሮጡ፣ ያለውን በአባልነት ብትቀላቀሉ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ መብታችሁ ነው፤ ነገር ግን ምዝገባው ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያስከትላል። 11 ሰዎች ወፍ ከማየት ይልቅ ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ቅዳሜያቸው እንዳያልቅ እፈራለሁ።

ጉዞውንም በተመለከተ፣ የወሩ መንገድ ሳይነካ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ወጣ በሉ። በጥር ወር አካባቢ በብዙ አገሮች የውኃ ወፎች ቆጠራ ስለሚካሄድ ገፈርሳን ለዚያን ጊዜ አድርጉት፤ አስቀድማችሁ ፈቃድ መጠየቃችሁን ግን አትርሱ፣ የከተማው የመጠጥ ውኃ ነውና። ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ እዚያ ይታያል።

መልስ፦ የሥነ ሕይወት መምህርት

ደብተር ያዥ ባሉት እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው የመስቀል ወፍ ስሙ ያለ አግባብ ስለተነሣ ለመከላከል ነው።

የመስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ ቦታ መጥታ የምትሄድ ወፍ አይደለችም። በዚህ ስም የሚጠሩት ትንንሽ፣ ጥሬ ለቃሚ ወፎች ሲሆኑ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አሉ። ወንዶቹ በበጋ ከሴቶቹ ጋር ተመሳሳይ የሆነ፣ ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ ላባ ለብሰው ሲኖሩ ማንም አይለያቸውም። ክረምት ገብቶ ሣሩ ማፍራት ሲጀምር የመራቢያ ወቅታቸው ስለሚሆን፣ ላባቸውን ቀይረው ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ ወይም ቢጫ ይለብሳሉ፤ ከእነርሱ አንዱም ከሰውነቱ በብዙ የሚረዝም ቀጭን ጥቁር ጅራት ያወጣል። አደይ ሲፈነዳ ሁላችንም አይተን «መጣች» እንላለን። (ይህ ባለ ረጅም ጅራቱ ሌላም ጉድ አለበት፦ ሴቷ ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፤ ጫጩቶቿንም እነርሱ ያሳድጉላታል።) ስለዚህ የቀበናዋ፣ በየካቲት ከእናንተ የቀሩትን አባላት ሌላ ስም ፈልጉላቸው። እግረ መንገዴን፣ ከመስከረም በኋላ ያሉትን ወራት «ያልተዋበውን የመስቀል ወፍ ማን ይለያል» ብላችሁ ብትጀምሩ ለወጣቶቹ ፈተና ይሆናቸዋል፤ እኔ በክፍል ውስጥ ሞክሬው ተሳክቶልኛል።

ሁለተኛው ነገር «በከተማ ውስጥ አሞራና ቁራ» የሚለው ንቀት ነው። ከአውሮፓ ብዙ ብር ከፍሎ ቦሌ የሚያርፍ ወፍ ተመልካች ገና ሻንጣውን ሳይፈታ በሆቴሉ ግቢ የሚፈልጋቸው ወፎች እኛ በየቀኑ የምናልፋቸው ናቸው። ማንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው፣ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ ደጋ ሲሆን፣ በዓለም ካሉት የቁራ ዝርያዎች በትልቅነቱ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይሰለፋል። ማታ ማታ እየጮኸ በመንጋ የሚያልፈው፣ ረጅም ቆልማማ ማንቁር ያለውና ከጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ወፍም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የምታዩት ርግብ ሁሉም የቤት ርግብ አይደለም። ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ከአንገቱ ኋላ ነጭ ቀለበት ያለበትን ስታዩ የገደል ርግባችን ነው፤ በተፈጥሮው ገደል ላይ የሚኖር ስለሆነ ሕንፃዎቻችንን እንደ ገደል ቆጥሯቸዋል። በቅድስት ሥላሴ ግቢ ቆማችሁ ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ፣ ከደብተራችሁ «ብዙ ርግብ» የሚለው መስመር በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

የስም ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ከላይ ያሉትን ወፎች በመግለጫ እንጂ በስም ያልጠራኋቸው ወድጄ አይደለም። ጉጉት፣ ዋኖስ፣ ሽመላ፣ ግንደ ቆርቁር እያልን የምንጠራቸው አሉ፤ ለቀሩት ግን በከተማ ያደግን ሰዎች «ወፍ» ብለን እናልፋለን። ከገጠር የመጡ አባላት፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ ሽማግሌዎች ያሏቸውን ስሞች ከሰሙበት አካባቢ ጋር በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ ብትጽፉ ከቁጥሩ ያላነሰ ሥራ ይሆናል። በአንጻሩ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ስም የሚናገር የስልክ መተግበሪያ የነገራችሁን ስም ወፏን ሳታዩ አትጻፉት።

ስለ ጉዞው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ ወዳለው የበርጋ ረግረግ በክረምት ለመሄድ የሚያስብ ካለ እንዲቀር እለምናለሁ። እዚያ ሣር ውስጥ የምትራባ ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ በዓለም ላይ ከ250 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሯት ናት፤ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ ስለሆነ የከብት ኮቴም የተመልካች ጫማም እኩል ይጎዷታል። እርሷን ላለማየት መወሰንም ከቡድኑ ሥራ ይቆጠር።

መልስ፦ የወንዝ ዳር ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁለቱም መልሶች ተማሪውን የሚያረኩት አይመስለኝም። ቪቡ ፕራካሽ ቆጥረው ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ስንት ሚሊዮን ጥንብ አንሳ ሞተ? ደብተር ዛፍ አያስጥልም። የቀበናዋ የጠየቁት «እንዴት እንቁጠር» ብቻ ሳይሆን «ምን እናድን» ነው።

እኛ በሌላ ወንዝ ዳር የምንሠራ ልጆች ነን፤ ቆጠራ ብዙም አንወድም። የጀመርነው ፕላስቲክ በመልቀም ነበር፤ በሁለተኛው ዝናብ ያጸዳነው ሁሉ ከላይ ታጥቦ በመጣ ቆሻሻ ተመልሶ ተሞላ፤ ከዚያ በኋላ አተኩረን የያዝነው አትክልተኞችን ነው። በየመንገዱ አካፋይና በየመናፈሻው አጥር የሚከረክሙ፣ ውኃ የሚያጠጡ፣ መርዝ የሚረጩ ሰዎች ከማንም በላይ ለወፍ ቅርብ ናቸው፤ ሆኖም ወፍ ተመልካች ነኝ የሚል ሰው ቆሞ ሲያነጋግራቸው አይቼ አላውቅም። አንድ አባት አትክልተኛ ጋር ሻይ እየጠጣን ተግባባንና፣ ጎጆ ያለበትን የአጥር ክፍል ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ ሳይከረክሙ ይተዉልን ጀመር። በክር ምልክት እናስርበታለን። አለቃቸው ሲጠይቃቸው «የወፎቹ ልጆች ነገሩኝ» ብለው መልሰዋል፤ እኛን ማለታቸው ነው።

የሚተከለውም ነገር ያሳስበኛል። ዘንባባና ሣር ለዓይን ያምራል፤ ሳር ላይ ቆልማማ ማንቁሩ ወፍ ትል ይለቅምበታል፤ ከዚያ ያለፈ ግን ለብዙ ወፍ የሚሆን ምግብ የለውም። ሾላ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ግራዋና ዶቅማ ባለበት ግቢ ግን ነጭ ጉንጭ ያለው አረንጓዴው ወፍ፣ ሲበር ክንፉ ቀይ የሚሆነው፣ ፍሬ ፍለጋ ይመጣል። በእንጦጦ ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተንሰራፋው ባሕር ዛፍና የአገር በቀል ዛፎች ያሉበት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጎን ለጎን ናቸው፤ አንድ ጠዋት በሁለቱም ውስጥ በእግር ሄዶ ጆሮ መስጠት ልዩነቱን ለመረዳት ይበቃል። አሁን በመሃል ከተማው መንገዶችና ወንዝ ዳርቻዎች ብዙ ተከላ እየተካሄደ ስለሆነ፣ ችግኝ የሚመርጠውን ሰው ዛሬ ማነጋገር ከተቆረጠ በኋላ ደብተር ይዞ ከመሄድ ይሻላል።

ሌላው መስተዋት ነው። በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ፊት ላይ ሰማይና ዛፍ ስለሚታይ ወፍ የሚያልፍበት መስሎት ይጋጫል። ከውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ነጠብጣብ ምልክት ቢለጠፍ ግጭቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ ግን ጥቅም የለውም፤ ወፏ ከሥዕሉ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ትጋጫለች። ሕንፃ ያላቸው ዘመዶች ካሏችሁ እዚያ ጀምሩ።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

የወንዝ ዳር ልጅ፣ ስለ አትክልተኛው የጻፍከው በእውነት አስደስቶኛል፤ እኛ ትልልቆቹ ያላሰብነው ነው። ስለ መስተዋቱም እስማማለሁ። ነገር ግን «ደብተር ዛፍ አያስጥልም» ስትል ቆም በል። እነዚያ ጎጆ ያለባቸው የአጥር ክፍሎች በየትኛው ወር፣ የትኞቹ ወፎች እንደነበሩባቸው ጽፋችኋል? አትክልተኛው ጡረታ ሲወጡ ተተኪው ያንን ክር በጥሶ ቢጥለው ምን ታሳዩታላችሁ? ክሩን ካሰርክ አይቀር ቀኑንም ጻፍበት።

መልስ፦ የወንዝ ዳር ልጅ

አልጻፍንም። እሺ፣ ከዚህ በኋላ እንጽፋለን። ለቆጠራ ግን በሌሊት አንነሣም።

መልስ፦ የሌሊት ጥበቃ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ በሌሊት ጥበቃ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ገጽ ከዚህ ቀደም ጽፌ አላውቅም። መምህርቷ የገለጹት ቆልማማ ማንቁር ያለው ወፍ በግቢያችን ባለው ትልቅ ዛፍ ላይ ያድራል። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ በሦስትና በአራት መንጋ ተከፋፍለው ይመጣሉ፤ ጠዋት ደግሞ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም በአንድነት እየጮኹ ይነሣሉ። ያን ጊዜ ተረኛ ሆኖ የተኛ ሰው ካለ ይነቃል። እኔ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ስል የሚገቡትን እቆጥራለሁ፤ ከጥቅምት ወዲህ ያለውን በመግቢያና መውጫ መዝገቡ ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ። ከ21 ያነሱበት ማታ የለም፤ አንድ ማታ 38 ሆነዋል። ዛፉ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ወደ መንገድ ስላዘነበለ ይቆረጥ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ይህ እኔ የጻፍኩት ነገር ለእናንተ ይጠቅማል ወይ?

መልስ፦ የሥነ ሕይወት መምህርት

ወንድሜ፣ እንዴት አይጠቅም! በቀን የሚደረግ ቆጠራ እነዚህን ወፎች በየሜዳው ተበታትነው ስለሚያገኛቸው ስንት እንደሆኑ ለመናገር ያስቸግራል፤ በማደሪያቸው ላይ ሲገቡ መቁጠር ግን ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። እርሱም የሚሠራው በየቀኑ በዚያ ሰዓት እዚያው በሚገኝ ሰው ነው፤ እኛ ብንፈልግም አንችልም። እባክዎ የጻፉትን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ የመግቢያና መውጫ መዝገብ ሲሞላ የት እንደሚጣል እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ደመናና ዝናብ የነበረበትን ማታም ምልክት ያድርጉበት፤ ያን ጊዜ ቀደም ብለው ስለሚገቡ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል።

መልስ፦ የቀበናዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን በሙሉ አትሜ ትናንት በሻይ ሰዓት አንብቤላቸዋለሁ። የወንዝ ዳር ልጅና ደብተር ያዥ የተከራከሩበት ቦታ ላይ ስንደርስ የእኛም ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ቀጠሉበት፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። መጨረሻ ላይ የተስማማነው ይህ ነው፦ የወሩ መንገድ እንዳለ ይቀጥላል፤ ከከተማ የምንወጣው በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ ማኅበር ማቋቋሙን ለጊዜው ትተን የምንችለው በነባሩ ማኅበር አባል እንሆናለን። የጂኦግራፊው መምህር መንገዱን በአራት ክፍል ከፍለው ካርታ ሊሥሉልን ቃል ገብተዋል፤ በየክፍሉ ያሉት ትልልቅ ዛፎችም ቁጥር ተሰጥቷቸው ምን እንዳረፈባቸው፣ ምን ጎጆ እንደሠራባቸው ለየብቻ ይጻፋል። ዛፍ ይቆረጣል የሚል ወሬ ቢመጣ የምንገልጠው ያን ገጽ ይሆናል። «ምን አዳንን?» ያለው ተማሪ ኢበርዱን ተረክቧል፤ አትክልተኞችን የማነጋገሩ ሥራ ደግሞ ለሚኒባስ ሾፌራችን ተሰጠ፤ ከሰው ጋር በመግባባት ከእርሱ የሚበልጥ የለንምና።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከላያችን ላይ የሚዞሩትን አሞራዎች ስንቆጥር ያው አሞራ ዞሮ ሲመጣ ደግመን እንደምንቆጥረው እርግጠኛ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እኔ 40 ስል ነርሷ 17 አለች።

መልስ፦ ደብተር ያዥ

ነርሷ ትበልጣለች ብዬ እገምታለሁ። የሚዞር አሞራ በድምር አይቆጠርም። በየክፍሉ ላይ ቆም ብላችሁ በአንድ ቅጽበት በሰማይ ላይ አብረው የታዩትን ቁጠሩ፤ ይህንን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ ከተገኙት ትልቁን ጻፉ። ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄዱ ተከትለዋችሁ የሚመጡ ከመሰላችሁ፣ ለመንገዱ በሙሉ አንዱን ትልቅ ቁጥር ብቻ ውሰዱ። ከእውነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በየወሩ በአንድ መንገድ እስከተቆጠረ ድረስ ወር ከወር ማወዳደር ይቻላል።

መልስ፦ የቀበናዋ

ገባኝ፤ 17 ብዬ አርሜዋለሁ። የሌሊት ጥበቃው ወንድማችን፣ በመጪው ወር ሁለተኛ ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዩኒቨርሲቲው በር ብንጠብቅዎ ይመቸዎታል? ዛፉን በካርታው ላይ አንደኛ ቁጥር ልንሰጠው እንፈልጋለን፤ እርስዎ ካላሳዩን ደግሞ ግቢው ውስጥ ማን ያስገባናል።

መልስ፦ የሌሊት ጥበቃ

ተረኝነቴ የሚያበቃው 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ እደርሳለሁ። ስለ መግባቱ አለቃዬን አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ። ባይኖኩላር ግን የለኝም።

መልስ፦ የቀበናዋ

የግራው የደበዘዘው ተራ የእርስዎ ይሆናል። በቀኝ ዓይን ሲያዩበት ደህና ነው።